ሶልደር ውስጥ ፖሎኒየም አለ የሚባለው እውነት ነው?

ጠጋኙ ከፍራንኮ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ሞባይልና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ጥያቄዬ ስለ ሶልደር፣ ዕቃዎቹን ቦርዱ ላይ ለመበየድ ስለማቀልጠው የብረት ሽቦ ነው። ስልኩን ሊያሠራ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስበይድ አይቶኝ፣ እርሳስ ያለበት ሶልደር አልፋ የሚባል ጨረር ያወጣል፣ ምንጩም ፖሎኒየም ነው አለኝ። እኔ ፖሎኒየምን የማውቀው እ.ኤ.አ. 2006 ለንደን ውስጥ ተመርዞ በሞተው ሩሲያዊ፣ በሊትቪኔንኮ ታሪክ ነው። ልጁ የሚቀባጥር ሰው አይመስልም፣ ግን ቸኩሎ ስለነበር ነገሩን ሳይጨርስልኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሶልደር በያዝኩ ቁጥር ይከነክነኛል።

እባካችሁ የሚያውቅ ሰው በግልጽ ይንገረኝ። ሶልደር ውስጥ በእርግጥ ይህ ነገር አለ? ካለ ይጎዳል? ሱቄ ጠባብ ናት፣ ነፋሱ አቧራ ይዞ ስለሚገባ ብዙ ጊዜ በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የምሠራው። ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቤ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ከራሴ ይልቅ ለእሷ ብዬ ነው የምጠይቀው።

ሌላም አለ። ልጁ ይህ ጨረር ቺፕ ያሳስታል ብሎኛል። በራሳቸው ጊዜ የሚጠፉና የሚነሱ ስልኮች ይመጡልኛል፣ ምክንያቱ ሳይገኝ ለባለቤቱ የምመልሳቸውም አሉ። የነሱ ችግር ከዚህ ጋር ይያያዛል? አመሰግናለሁ።


የፊዚክስ መምህርት፦

ሰላም ወንድሜ። እኔም አዳማ ነኝ፣ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪው የነገረህ እውነት ነው። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረህ፣ የሚያረጋጋው ደግሞ የቀረው ግማሽ ነው።

ከሥሩ ልጀምርልህ። እርሳስ የሚወጣበት አለት ውስጥ፣ እንደ ማንኛውም አለት፣ ጥቂት ዩራኒየም አለ። ዩራኒየም 238 (ቁጥሩ የአቶሙን ክብደት ያሳያል) በጣም በዝግታ እየፈረሰ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይቀየራል፣ ያም ወደ ሌላ። በመሃል ራዲየም አለ፣ ራዶን የሚባለው ጋዝ አለ፣ ወርዶ ወርዶ እርሳስ 210 ላይ ይደርሳል። ማዕድኑ ሲቀልጥና ሲጣራ ዩራኒየሙም ራዲየሙም ከዝቃጩ ጋር ይወገዳሉ። እርሳስ 210 ግን ይቀራል። ለምን ብትል፣ በኬሚስትሪ እሱም ያው እርሳስ ነው፣ የሚለየው ክብደቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የፈለገውን ያህል ቢጣራ ከእርሳሱ ጋር አብሮ ይወጣል።

የእርሳስ 210 ግማሽ ዕድሜ 22 ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ካለው ግማሹ በ22 ዓመት ይፈርሳል፣ ከቀረው ግማሹ ደግሞ በሚቀጥለው 22 ዓመት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሲፈርስ ቢስሙዝ 210 ይሆናል፣ የዚህኛው ግማሽ ዕድሜ 5 ቀን ነው። ከዚያ ፖሎኒየም 210 ይመጣል፣ እሱ 138 ቀን ነው። አንተ የሰማኸውን አልፋ የሚተፋው ይህ ፖሎኒየም ነው። ከተፋ በኋላ እርሳስ 206 ይሆንና ነገሩ እዚያ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ የሚፈርስ የለም።

ከጥያቄህ ትንሽ ወጣ ቢልም አንድ በጣም የምወደውን ነገር ልጨምርልህ። እጅግ ደካማ ጨረር የሚለኩ የፊዚክስ ሰዎች አዲስ እርሳስ አይሆናቸውም። ጣሊያን ውስጥ ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ያለው ቤተ ሙከራ ኩኦሬ የተባለውን መሣሪያውን ከውጭ ጨረር ለመከለል የተጠቀመው፣ የዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ ሰርዲኒያ አጠገብ ከሰመጠ የሮማውያን መርከብ የወጣ እርሳስ ነው። 2,000 ዓመት ማለት ወደ 90 ግማሽ ዕድሜ ነው። እርሳስ 210 የሚባል ነገር አልቆበታል ማለት ይቻላል። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው ይበራል።

አሁን ወደ አንተ። አልፋ ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን አንድ ላይ ተጣብቀው የሚወጡበት ነው። ከባድ ነው፣ ኃይለኛም ነው፣ ግን ሩቅ አይሄድም። ከፖሎኒየም 210 የሚወጣው አልፋ አየር ላይ 4 ሴንቲሜትር እንኳ አይጓዝም። አንድ ወረቀት ያስቆመዋል። የእጅህ የላይኛው ቆዳ፣ ያ የሞተው ንጣፍ፣ ያስቆመዋል። ሶልደሩ ራሱም ያስቆመዋል፤ ከሽቦው ውስጥ የሚነሣው አልፋ እዚያው ውስጥ ያልቃል፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ከላይኛው በጣም ስስ ንጣፍ የተነሣው ብቻ ነው። ጠረጴዛው ማዶ ቁጭ ብላ የምትጽፍ ልጅ ጋ የሚደርስ አልፋ የለም። ስለዚህ ጉዳይ እንቅልፍህን አትጣ።

ሊትቪኔንኮ የሞተው ፖሎኒየሙ ሆን ተብሎ ሻይ ውስጥ ተጨምሮለት ጠጥቶት ነው፣ መጠኑም ሶልደር ውስጥ ካለው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። አልፋ የሚያስፈራው ሰውነት ውስጥ ሲገባ ነው፣ ምክንያቱም እዚያ የሞተ ቆዳ የሚባል መከለያ የለም።

እና ፖሎኒየም በእውነት ካሳሰበህ ሲጋራውን አስብ። የትንባሆ ቅጠል እርሳስ 210 እና ፖሎኒየም 210 ከአየርና ከአፈር ይሰበስባል። የሚያጨስ ሰው ያንን በቀጥታ ሳንባው ውስጥ ነው የሚያስገባው። ታጨስ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ሱቅህ ውስጥ የሚያጨስ ደንበኛ ካለ ልጅህ እያለች ውጭ እንዲያጨስ ንገረው።


ሰርኪዩት ሀዋሳ፦

መምህርት በደንብ ገልጸውታል። እኔ የቺፑን ጥያቄ ልውሰድ፣ ሥራዬ ስለሆነ። ሀዋሳ ነው የምሠራው፣ የፋብሪካ ማሽኖች መቆጣጠሪያ ቦርድ እጠግናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው (ሁሉም ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ያኔ ሜሞሪ ቺፖች 16 ኪሎቢት ደርሰው ነበር። በኛ ዘመን ዓይን ምንም ነው፣ ያኔ ግን ትልቅ እድገት ነበር። እነዚያ ቺፖች አንዳንዴ ያለ ምንም ምክንያት የያዙትን ይሳሳቱ ጀመር። 0 ተብሎ የተጻፈው 1 ሆኖ ይገኛል፣ ወይም በተቃራኒው። ቺፑ ሲፈተሽ ምንም አልሆነም። እንደገና ሲጻፍበት በትክክል ይይዛል። በ1978 ኢንቴል ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ቲሞቲ ሜይ እና ሙሬይ ዉድስ ምክንያቱን አገኙት፣ አልፋ ነበር። የመጣው ግን ከሶልደር አልነበረም። ቺፑን የሚሸፍነው ሴራሚክ ውስጥ ጥቂት ዩራኒየምና ቶሪየም ነበረበት።

እንዴት አንድ ቅንጣት ቺፕ ያሳስታል? ሒሳቡን ራስህ ልትሠራው ትችላለህ። የፖሎኒየም አልፋ 5.3 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት አለው። ቺፑ በሚሠራበት ሲሊከን ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ነጻ ለማውጣት 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል። አካፍለው። አንድ አልፋ ብቻውን ወደ 1.5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ነጻ ያወጣል፣ ያውም ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ርቀት ውስጥ። ሜሞሪ ውስጥ አንድ ቢት፣ ማለትም አንዱ 0 ወይም 1፣ የሚቀመጠው በትንሽ ቻርጅ ነው። ይህ ሁሉ ኤሌክትሮን በአንዴ አጠገቡ ሲፈስ ቢቱ ይገለበጣል።

ሶልደር ወደ ታሪኩ የገባው ቺፑ ተገልብጦ መሠራት ሲበዛ ነው። ድሮ ቺፑ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይቀመጥና በቀጫጭን የወርቅ ሽቦዎች ነበር የሚገናኘው። ዛሬ ትልልቆቹ ፕሮሰሰሮች ፊታቸውን ወደ ታች ደፍተው በብዙ ጥቃቅን የሶልደር ጉብታዎች ላይ ነው የሚቀመጡት። ጉብታዎቹ ደግሞ ከትራንዚስተሮቹ በማይክሮን የሚቆጠር ርቀት ላይ ናቸው። እዚያ ላይ መምህርት የነገሩህ እርሳስ 210 ትልቅ ራስ ምታት ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚመረት ዝቅተኛ አልፋ የሚባል ሶልደር አለ። በጣም ጥብቁ ደረጃ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ በሰዓት ከ0.002 አልፋ በላይ አይፈቅድም። ያ ማለት የአውራ ጣትህን ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ አንድ አልፋ ለማየት 500 ሰዓት፣ ሃያ ቀን እና ከዚያ በላይ መጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እርሳስ የሌለበት ሶልደር አልፋ የለበትም ማለት አይደለም። ሶልደር ውስጥ የሚገባው ቆርቆሮም (ቲን) ሲመረት ጥቂት እርሳስ 210 ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሌላው ደግሞ፣ ብረቱ ሲጣራ ፖሎኒየሙ ሊወጣ ይችላል፣ እርሳስ 210 ግን ካልወጣ ቀስ እያለ አዲስ ፖሎኒየም ይፈጥራል። እና በተጣራበት ሰሞን ቢለካ ንጹሕ ይመስላል፣ ከወራት በኋላ ሲለካ ቁጥሩ ወጥቶ ይገኛል። ለዚህ ነው አምራቾቹ ቆይተው ደግመው የሚለኩት።

አንተ በእጅህ የምትበይደው ሶልደር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። የአይሲው (የታሸገው ቺፕ) እግር ላይ፣ ወይም ከሥሩ ያሉት ኳሶች ላይ ነው የምታደርገው። በዚያና በሲሊከኑ መካከል ፕላስቲክ ወይም ቺፑ የተቀመጠበት መደብ አለ፣ አልፋ ደግሞ ያን አያልፍም። ሪቦል ስታደርግም፣ ማለትም ኳሶቹን አንሥተህ በአዲስ ስትተካ፣ እንደዚያው ነው። ልዩነት ያለው ጥቁር ፕላስቲክ የሌላቸው፣ ባዶ መስታወት የሚመስሉት ትንንሽ አይሲዎች ላይ ነው። እነሱ ላይ ኳሱ የሚቀመጠው ሲሊከኑ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ቢሆንም አብዛኞቹ የቻርጅ፣ የመብራት ወይም የድምፅ አይሲ ናቸው፣ ትልቅ ሜሞሪ የላቸውም፣ ስለዚህ ብዙ የሚገለበጥ ነገር የለም።

ስለ ስልኮችህ፦ አይያያዝም። የአልፋ ስሕተት ድንገት ይመጣል፣ ስልኩ አንዴ ሊጠፋ ይችላል፣ ሲነሣ ግን ምንም እንዳልሆነ ይሠራል፣ ያው ቦታ ላይ ተመልሶ አይመጣም። በቀን ብዙ ጊዜ የሚጠፋ ስልክ ጨረር አይደለም የያዘው። ባትሪ ነው፣ የፓወር አይሲ ነው፣ ውኃ ነው፣ ወድቆ የተሰነጠቀ ሶልደር ነው።


ሰርኪዩት ሀዋሳ፦

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ቢት የሚገለብጠው አልፋ ብቻ አይደለም። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ከአየሩ ጋር ሲጋጭ ኒውትሮን ይፈጥራል፣ ያም ቺፕ ውስጥ ገብቶ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ይህኛውን ደግሞ ወረቀትም ቆርቆሮም አያቆመውም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበዛል፣ አዳማም ሀዋሳም ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ከጅቡቲ የበለጠ ይደርሰናል ማለት ነው። በሌላ በኩል ወደ ምድር ወገብ ስለምንቀርብ የምድር መግነጢስ ብዙውን ይመልስልናል።

2003 ላይ ቤልጂየም ውስጥ ስካርቤክ በምትባል ቦታ በምርጫ ማሽን ላይ የአንዲት እጩ ድምፅ በ4,096 በልጦ ተገኘ። ሊኖር ከሚችለው በላይ ስለነበር ነው የተያዘው። 4,096 ማለት 2 ለ12 ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፣ አንድ ቢት ብቻ ተገልብጧል ማለት ነው። ማሽኑ ሲፈተሽ ጉድለት አልተገኘበትም፣ የጠፈር ጨረር ሳይሆን አይቀርም ተባለ፣ ማረጋገጥ ግን አልተቻለም። ባንኮችና ትልልቅ ሰርቨሮች እርማት የሚሠራ ሜሞሪ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። አንድ ቢት ሲገለበጥ ራሱ ያስተካክለዋል፣ ሁለት ከተገለበጠ ቢያንስ ያስታውቃል።


አሮጌው ራዲዮ ሠሪ፦

ልጄ፣ እኔ ሶልደር የያዝኩት በደርግ ጊዜ ነው፣ በቱቦ ራዲዮ ነው የጀመርኩት። የጨረር ነገር የሚነግረን አልነበረም። አሁን እነዚህ ልጆች የጻፉትን ሳነብ ደስ አለኝ፣ እንዲህ የሚያስረዳ ሰው በኛ ጊዜ ቢኖር ምንኛ ጥሩ ነበር።

እኔ የምመክርህ ወተት ጠጣ ነው። እኛ ስንበይድ ውለን ማታ አንድ ብርጭቆ ወተት ሳንጠጣ አንገባም ነበር፣ ጭሱን ያጥባል። ሌላው፣ እርሳሱን በአፍህ አትያዝ። እጃችን ሲሞላ ሽቦውን በጥርስ የምንይዝ ነበርን፣ ያንን አንተ አታድርገው። የመኪና ባትሪ እርሳስ ሰብስቦ ቤት ውስጥ የሚያቀልጥ ሰው ካወቅህም ልጅህን ወደዚያ ግቢ አትላካት።


የጤና ባለሙያ አዳማ፦

ጋሼ፣ የእርሳሱ ምክርዎ ወርቅ ነው፣ በተለይ የባትሪው። ወተቱን በተመለከተ ግን ትንሽ ልጨምርበት። ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፣ ጭሱ የሚሄደው ወደ ሳንባ ነው፣ መንገዳቸው አይገናኝም። ስለዚህ ወተት ጭስ አያጥብም። ፋብሪካም፣ ቀለም ቤትም፣ ብየዳ ቤትም ይህ እምነት ስላለ ነው የምናገረው፣ ሰው ወተቱን ጠጥቶ መስኮቱን ሳይከፍት ይውላል። ወተት የሚጠቅምበት አንድ መንገድ አለ። ካልሲየምና ብረት የሚያንሰው ሰውነት፣ ባዶ ሆድም፣ እርሳስን የበለጠ ይመጥጣል። እና ጥሩ መብላት ጥሩ ነው፣ ለልጅ ደግሞ ከሁሉ በላይ። ግን ጥሩ መብላት መታጠብን አይተካም።

ጠያቂው ወንድሜ፣ ስለ አልፋው መልስ አግኝተሃል፣ እኔም እስማማለሁ። ስለ ሁለት ሌሎች ነገሮች ግን በጣም አሳስብሃለሁ፣ ምክንያቱም ልጅህ አጠገብህ ነው የምትቀመጠው ብለሃል።

አንደኛው እርሳሱ ራሱ ነው። እንደ ጨረር ሳይሆን እንደ መርዝ። ብዙ ሰው እርሳሱ በጭሱ የሚገባ ይመስለዋል። ሶልደር የሚበየድበት ሙቀት 350 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እርሳስ የሚፈላው ከ1,700 ዲግሪ በላይ ነው። በዚያ ሙቀት የሚተነው እርሳስ ከቁጥር አይገባም። እርሳሱ የሚገባው በእጅ ነው። ሽቦውን ትይዛለህ፣ የድሮውን ሶልደር ትጠርጋለህ፣ ብናኙ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ምሳ ይመጣል። እኛ ደግሞ በሹካ አንበላም። እንጀራውን በዚያው እጅ ቆርሰን ነው የምንበላው፣ ለልጅ የምናጎርሰውም በዚያው እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በደም ውስጥ ሲገኝ ምንም አይጎዳም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ነው የሚናገረው። የልጅ አንጎል ገና እያደገ ስለሆነ የሚጎዳው በትንሹ ነው፣ የልጅ ሰውነትም ከአዋቂ የበለጠ ይመጥጣል። አዋቂ ላይ ደግሞ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ ውኃ ብቻ አይበቃም፣ በሳሙና አጥብቀህ ታጠብ፣ ጥፍርህን አሳጥር። ሥራ ጠረጴዛ ላይ ምግብም ሻይም አይቀመጥ። ጠረጴዛውን በደረቅ ጨርቅ አታራግፍ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁን ወደ ቤት አታምጣው። የሥራ ልብስህን ሱቅ ተወው። ልጅህ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ብትችል ሌላ ክፍል ወይም በረንዳ ላይ። እርሳስ ካለበት ጠረጴዛ ላይ ደብተር ዘርግታ የመጻፊያ እርሳሷን ጫፍ እያኘከች የምትጽፍ ልጅ ሳስብ እኔ ራሴ አላርፍም።

ሁለተኛው ጭሱ ነው። የምታየው ነጭ ጭስ ከፍለክሱ፣ ሶልደሩ እንዲይዝ ከሚረዳው ነገር ነው፣ ፍለክሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጥድ ሙጫ የሚሠራ ነው። እሱን ለዓመታት የሚተነፍስ ሰው አስም ሊይዘው ይችላል። አንዴ ከያዘ ደግሞ በትንሽ ጭስም ይነሣል። ሥራ ቀን ላይ የሚያስል፣ እሑድ ግን የሚሻለው ጠጋኝ ካለ ያንን ምልክት ቸል አይበል፣ ሐኪም ጋ ይሂድ። በርህን ክፈተው። አቧራውን እፈራለሁ ካልክ ትንሽ ቬንቲሌተር ከፊትህ ሳይሆን ከጎን አድርገህ ጭሱን ወደ ውጭ እንዲጎትት አዙረው። ራስህን ጭሱ ላይ አትድፋ።


ጠጋኙ ከፍራንኮ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ እርስዎንም ዕድሜ ይስጥልኝ። ይህን ያህል መልስ አልጠበቅሁም ነበር። ልጄ ጎረቤት ልብስ ስፌት ቤት ትቀመጣለች፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት እሺ ብላኛለች። ቬንቲሌተሩንም እገዛዋለሁ።

ሦስት ነገር ልጠይቅና አበቃለሁ። መርካቶ የጨረር መለኪያ የሚሸጥ አየሁ የሚል ጓደኛ አለኝ፣ ሶልደሩን ብለካበት ያሳየኛል? እርሳስ ወደሌለበት ሶልደር ልቀይር ወይ? ደግሞ ለሪቦል የምጠቀመው በ138 ዲግሪ የሚቀልጠውን ፔስት (እንደ ሊጥ የለዘበ ሶልደር) ነው፣ እላዩ ላይ ቢስሙዝ ይላል። መምህርት ከፖሎኒየሙ በፊት የሚመጣው ቢስሙዝ ነው ብለውኛልና እሱ ነው ወይ?


የፊዚክስ መምህርት፦

መለኪያውን አትግዛ። ርካሾቹ መለኪያዎች ውስጥ ያለው ቱቦ መስታወት ወይም ብረት ነው፣ አልፋ ያንን አልፎ አይገባም። አልፋ የሚቆጥሩት ሚካ የተባለ ስስ መስኮት ያላቸው ናቸው፣ እነሱም ቢሆኑ ከሶልደር የሚወጣውን በአካባቢያችን በተፈጥሮ ካለው ጨረር ለይተው ማሳየት ይቸግራቸዋል። የቺፕ ፋብሪካዎች ለዚህ የተለየ መሣሪያ ነው ያላቸው፣ አንዱን ናሙና ለብዙ ቀን ይለኩታል።

ቢስሙዙ ያ አይደለም። የኔው ቢስሙዝ 210 ነው፣ በ5 ቀን የሚፈርሰው። ፔስትህ ውስጥ ያለው ቢስሙዝ 209 ነው። የ138 ዲግሪውና የፖሎኒየሙ 138 ቀን መመሳሰልም አጋጣሚ ነው። ግን ጥያቄህ ያስደሰተኝ ለምን መሰለህ፣ ቢስሙዝ 209 ፈጽሞ አይፈርስም ተብሎ ለብዙ ዘመን ይታመን ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 2003። ያኔ ፈረንሳይ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች እሱም አልፋ እንደሚተፋ ለኩ። ግማሽ ዕድሜው 20 ቢሊዮን ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት መሆኑን አስብና አነጻጽረው። ስለዚህ ስለ ራሱ ስለ ቢስሙዙ አትጨነቅ።


የጤና ባለሙያ አዳማ፦

እርሳስ ወደሌለበት መቀየሩ ለእጅህም ለልጅህም ጥሩ ነው፣ አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2006 ጀምሮ በአብዛኛው ኤሌክትሮኒክስ ላይ እርሳስን የከለከለችው በከንቱ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ በል፣ እርሳስ የሌለበት ሶልደር የሚቀልጠው ከፍ ባለ ሙቀት ነው፣ ካውያውን ስትጨምርለት ፍለክሱ የበለጠ ይጨሳል። ስለዚህ ቬንቲሌተሩ በሁለቱም ያስፈልግሃል። የምትጠግናቸው የድሮ ቴሌቪዥኖች ላይም እርሳሱ አለ፣ አንተ ባትጨምርበትም። የእጅ መታጠቡ አይቀርም።


ሰርኪዩት ሀዋሳ፦

ስለ 138ቱ ፔስት እኔ የምልህ አለ፣ ምናልባት ምክንያታቸው የጠፋብህን ስልኮች ከሱ ጋር አያይዘህ ፈትሻቸው። እርሳስ ያለበት የተለመደው ሶልደር በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፣ አብዛኛው የፋብሪካ ስልክ ያለ እርሳስ የተሠራና በ217 አካባቢ የሚቀልጥ ነው። ቢስሙዝ ያለበትን እርሳስ ካለበት ጋር ከደባለቅኸው ግን ቆርቆሮው፣ እርሳሱና ቢስሙዙ ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው በ96 ዲግሪ የሚቀልጥ ነገር ይፈጥራሉ። መጋጠሚያው ውስጥ ያ ነገር ካለ ስልኩ ሲግል ይላላል፣ ትንሽ ሲወድቅ ይሰነጠቃል። ቢስሙዝ ብቻውንም ተሰባሪ ነው። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው በእርሳስ ሶልደር የነካካው ቦርድ ላይ 138ቱን ደርበህ ከሆነ፣ ወይም አንተ ራስህ አንዱን በአንዱ ላይ አድርገህ ከሆነ፣ የሚጠፋና የሚነሣ ስልክ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ቦርዱን ስታገኘው አዲስ ፔስት ከማድረግህ በፊት ፍለክስ ጨምረህ የድሮውን በዊክ (ሶልደር በሚመጥጥ የመዳብ ጥልፍ) ሙልጭ አድርገህ አንሣው፣ በአልኮል አጥበው፣ ከዚያ ነው የምትጀምረው። ዊኩን ስትጨርስ ጣለው፣ ጠረጴዛው ላይ አይቆይ። እርሳሱ ያለው እሱ ላይ ነው።